ሕፃን በየደረጃው ያድጋል



ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 ስለ ጌታችን ልጅነት ሲጽፍ፣ በአካልም በጥበብም እያደገ መሄዱን ይነግረናል። ሁሉን የፈጠረ ጌታ በአንድ ጊዜ ጎልማሳ ሆኖ መገለጥ ሲችል፣ ጡት ጠብቶ፣ ድኾ፣ አፉን ፈትቶ ማደግን መረጠ። እንግዲህ እርሱ ያለፈበት የሕፃንነት ደረጃ የከበረ እንጂ የሚናቅ አይደለም።

ሕፃን በተወለደ በሁለት ወር ገደማ ለሰው ፊት ፈገግ ይላል። በስድስት ወሩ አካባቢ ጥርስ ያበቅላል፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥም ይጀምራል። በዓመቱ ግድም ቆሞ ይራመዳል፤ አንድ ሁለት ቃል ይናገራል። በሁለት ዓመቱ ቃላትን ያጣምራል። ይሁን እንጂ ይህ ለሁሉም እኩል የተቆረጠ ቀን አይደለም። አንዱ በ9 ወሩ ሲራመድ ሌላው እስከ 18 ወር ይቆያል፤ ጭራሹን ሳይድህ የሚቆም ጤነኛ ልጅም አለ። ጥርስም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ይቀድማሉ፤ የላይኞቹ የሚቀድሙለት ልጅም አለ። ይህ የተፈጥሮ ልዩነት እንጂ የክፉ ነገር ምልክት አይደለም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛው በደቡብ ኦሞ፣ በካራ፣ በሐመርና በበና ማኅበረሰብ ዘንድ፣ የላይኛው ጥርሱ የቀደመ ሕፃን «ሚንጊ» ሲባል ኖሯል። ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራ ብዙ ሕፃናት ተገድለዋል፤ በጫካም ተጥለዋል። ይህ የሆነው ወላጆች ልጅ ስለሚጠሉ ሳይሆን ሕዝቡ ሁሉ እንዳይጠፋ በመስጋት ነው። ስለዚህ ከተማ የምንኖር በትዕቢት አንፍረድ። እኛስ ዘግይቶ የተናገረውን ልጅ «ደንቆሮ»፣ ዘግይቶ የተራመደውን «እርግማን አለበት» እንል የለምን?

የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ፣ ሁለት እኅቶቹ ሚንጊ ተብለው መገደላቸውን በ15 ዓመቱ ከእናቱ ሰማ። ሰምቶም ዝም አላለም። ሽማግሌዎችን እየለመነና እያስረዳ ሕፃናቱን ለማትረፍ ተነሣ፤ ለተረፉትም በጂንካ ማሳደጊያ ቤት ተከፈተ። በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር ወሰኑ። ላሌ ወገኖቹን እየናቀ ቢናገር ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ወጣቶች ሆይ፤ ከዚህ ምን እንማር? በመጀመሪያ፣ በጎረቤት ሕፃን ላይ የንቀት ስም አናውጣ። በ18 ወሩ ያልተራመደ ወይም በሁለት ዓመቱ ቃል ያልጀመረ ልጅ ቢኖር፣ ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት እንምከር እንጂ ወደ ጠንቋይ አይሂድ።

ሁለተኛ፣ ታናናሾችን የምታስተምሩ ልብ በሉ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚማረው በማየት፣ በመዳሰስ፣ በጨዋታና በመደጋገም ነው። ረጅም ስብከት ሰልችቶት ቢቁነጠነጥ ባለጌ አትበሉት።

ሦስተኛ፣ በአሪኛ ወይም በሐመርኛ አፉን የፈታ ልጅ በአማርኛ ስትጠይቁት ዝም ቢል አላዋቂ አይደለም። አዲስ ቋንቋ እያዳመጠ ነው፤ ማዳመጥም አንድ የትምህርት ደረጃ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ወንድም ወይም እኅት ታሪኩን አስቀድሞ ይንገረው።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2 ሕፃኑ ሙሴ በወንዝ ዳር በተቀመጠ ጊዜ፣ ምን እንደሚሆን ለማየት በሩቅ የቆመችው ታናሽ ልጅ እኅቱ ነበረች። ሥልጣንም ሠራዊትም አልነበራትም፤ ነገር ግን አልሸሸችም፤ በሰዓቱም ተናገረች። በአንዲት ልጅ ንግግር ሕፃኑ ወደ እናቱ ጡት ተመለሰ። ዛሬ በኦሞ ምድር ለሚወለዱት ሕፃናት የምንቆም እኛ ነን።

ሕፃናትን አቅፎ የባረከ ጌታ አስተዋይ ልብና ደፋር አንደበት ይስጠን። አሜን።