ፍራፍሬ ለሲጋራ ከፋራ አይሆንም



የዛሬውን ምክር የምጀምረው በራሴ ላይ በመመስከር ነው። ለአሥራ አንድ ዓመታት ሲጋራ አጭሻለሁ። ምክንያት ግን አጥቼ አላውቅም ነበር። በርጫ ላይ ተቀምጠን አንዱ ወንድም «ይህ ነገር ይጎዳሃል» ሲለኝ፣ «እኔ እኮ እንደ ሌላው አይደለሁም፤ ካሮት አዘወትራለሁ፣ ብርቱካን ከቤቴ አይጠፋም፤ ጭሱ ያበላሸውን ፍሬው ይጠግነዋል» እል ነበር። ነፍስያዬም ይህን ሰምታ ትረጋጋለች።

ንግግሬ ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ፣ እርጥበት ብረትን እንደሚያዝግ ሁሉ የሰውነታችንን ሕዋሳት የሚጎዱ ናቸው። አላህ (ሱ.ወ) ደግሞ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ይህን «ዝገት» የሚከላከሉ፣ ሐኪሞች አንቲኦክሲደንት የሚሏቸውን ንጥረ ነገሮች አኑሯል። ቪታሚን ሲ አንዱ ነው። የሚያጨስ ሰው ይህ ቪታሚን ቶሎ ስለሚያልቅበት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት አጫሽ ከማያጨሰው ሰው በየቀኑ 35 ሚሊ ግራም አስበልጦ እንዲያገኝ መክሯል። ሱብሐነላህ! ብርቱካኑን የምንበላው ለጥንካሬ መስሎን፣ ከፊሉ ለጭሱ ዕዳ መክፈያ ይውላል ማለት ነው።

ታዲያ ዕዳው ተከፍሎ ያልቃልን? ይህን ጥያቄ ሳይንቲስቶችም ጠይቀውታል። ካሮትና ቅጠላ ቅጠል አዘውትረው በሚመገቡ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰር አነስ ብሎ ይታይ ስለነበር፣ ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን በክኒን ተዘጋጅቶ ለአጫሾች ቢሰጥ ይጠብቃቸዋል ተብሎ ተስፋ ተደረገ። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በፊንላንድ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆነ 29,133 አጫሽ ወንዶች በጥናቱ ገቡ። ውጤቱ በ1994 ሲገለጽ ግን ቤታ ካሮቲኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦባቸው ተገኘ። በአሜሪካም 18,314 አጫሾች፣ ቀድሞ ያጨሱ ሰዎችና ለአስቤስቶስ የተጋለጡ ሠራተኞች የገቡበት ተመሳሳይ ጥናት ነበር። ቤታ ካሮቲንን ከቪታሚን ኤ ጋር በወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ28 በመቶ በልጦ በመታየቱ፣ በጥር 1996 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ።

ይህ በካሮት ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ተምሩም፣ ሮማኑም፣ ወይኑም የአላህ ኒዕማ ነው፤ እንብላ፣ እናመስግን። ፍርዱ የተሰጠው እንደ እኔ እሳቱን ሳያጠፋ መድኃኒት በሚፈልገው ላይ ነው።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ የነካኝ ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ትንሿ ልጄ ስታስል አደረች። በማግሥቱ ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ ወይ?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። እኔ የጠጣሁት የካሮት ጭማቂ ወደ እሷ ደረት አልገባም፤ የእኔ ጭስ ግን ገብቷል። እሷ ከአላህ ዘንድ የተሰጠችኝ አማና አይደለችምን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራስንም ሆነ ሌላውን መጉዳት እንደማይፈቀድ አስተምረውናል። አላህም በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 195 ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። በዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ማጨስን ሐራም ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወንድሞቼ፣ የተውበትን ሸርጦች እናውቃቸዋለን፤ ከወንጀሉ መታቀብ፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ናቸው። አንድ ሰው ወንጀሉን በእጁ ይዞ በምላሱ «አስተግፊሩላህ» ቢል ራሱን ያታልላል። በአንድ እጁ ሲጋራ፣ በሌላው ጭማቂ የያዘ ሰውም እንዲሁ ነው።

«አልችልም» የሚል ካለ ረመዷንን ያስታውስ። ከሱብሒ እስከ መግሪብ ያለ ሲጋራ የሚውል ሰው እንዴት አልችልም ይላል? በተምር አፍጥሮ ወዲያው ክብሪት ከመጫር፣ ያንን ትዕግሥት በአንድ ሰዓት ማራዘም ይጀምር፤ ሐኪምም ያማክር። ያቆመ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ በማጨሱ የመጣበት የልብ ሕመም ሥጋት በግማሽ ይቀንስለታል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመሞት ሥጋቱ ማጨሱን ከቀጠለው ሰው ግማሽ ያህል ይሆናል። ይህን የትኛውም ፍሬ አይሰጥም።

እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ አልሐምዱሊላህ አላጨስኩም። ብርቱካኑን አሁንም እበላለሁ፤ ግን ለልጄ ልጬላት፣ አብሬያት ነው የምበላው። አላህ (ሱ.ወ) ለመተው የተቸገሩትን ወንድሞቻችንን ያግዛቸው፣ ለሁላችንም ጤናን ከኢማን ጋር ይስጠን። አሚን።