መደበቅ ውሸት ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1992 በሰሜን ምዕራብ ሩዋንዳ፣ ካባያ በተባለ ሥፍራ፣ የገዥው ፓርቲ ሰው ሊዮን ሙጌሴራ ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግር አደረገ። የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ ነው፣ በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል ቶሎ እንዲደርሱ እንሸኛቸዋለን አለ። በዚያ ወንዝ ኢትዮጵያ የደረሰ ሰው የለም። አድማጩ ግን ነገሩ ገብቶታል፤ በ1994 ቱትሲዎች ሲጨፈጨፉ ኒያባሮንጎ ሬሳ እየጫነ ወረደ።

ኢትዮጵያን በዚህ ጠብ ውስጥ ማን ጥልቅ አደረጋት? ትምህርት ቤት ነዋ። እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ሃኒንግ ስፒክ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ገዥዎች ከኢትዮጵያ በኩል የፈለሱ ልዩ ዘር ናቸው ብሎ ገመተ። የቤልጂግ ቅኝ ገዥዎችና ሚሲዮናውያን ግምቱን እንደ እውነት ይዘው ቱትሲ ለገዥነት የተፈጠረ ነው እያሉ አስተማሩበት። ከ1962 ነፃነት በኋላ ደግሞ በሁቱዎች የተመራው መንግሥት ያንኑ ተረት ይዞ ቱትሲን መጤ ወራሪ አደረገው። ትናንት ያሞገሱበት ዛሬ መክሰሻ ሆነ።

ከጭፍጨፋው በኋላ የመጣው የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር መንግሥት በትምህርት ቤቶች የታሪክ ትምህርትን አገደ። ሌላ መጽሐፍ እስኪጻፍ ዝም ይባል ነው ነገሩ። በእገዳው ዘመን ጋቻቻ የተባሉት የመንደር ሸንጎዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ማን ማንን እንደገደለ ሲያወጡ፣ ክፍል ውስጥ ግን ጸጥታ ነበር።

ለልጅ እውነትን መሸሸግ ኃጢአት ነው? የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ስለ ውሸት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል። ነፍስ ለማዳን እንኳ መዋሸትን ይከለክላል፤ እውነትን መሸሸግ ግን ከመዋሸት ይለያል ይላል። ምሳሌው የታጋስቴው ጳጳስ ፊርሙስ ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ሰዎች ቤቱ የሸሸገውን ሰው ሊይዙ ሲመጡ፣ አልዋሽም፣ ሰውየውንም አሳልፌ አልሰጥም አላቸው። አሠቃዩት፤ አፉን አልከፈተም።

ፊርሙስ የሚሸሽገው ነገር እንዳለ በግልጽ ተናግሯል፣ ዋጋውንም በገዛ ገላው ከፍሏል። የሩዋንዳም እገዳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ይመስል ነበር፤ ትምህርቱ መቆሙን ሁሉም ያውቅ ነበርና። ዋጋውን የከፈሉት ልጆች መሆናቸው ግን ከጳጳሱ ይለየዋል።

አስቸጋሪው መጽሐፉ ሲመለስ ነው። በ2016 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት በሰፊው ያስተምራል፤ ይህ ተገቢ ነው። የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ወታደሮች በሩዋንዳም በኮንጎም የገደሏቸው ሲቪሎች ግን በይፋዊው ትረካ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የተባበሩት መንግሥታት በ2010 ይፋ ያደረገው ከ1993 እስከ 2003 በኮንጎ የተፈጸሙ ወንጀሎች ዘገባ በኪጋሊ ውድቅ ተደርጓል። እዚህ ላይ ዝም ያለው መጽሐፍ ዝም ማለቱን አይናገርም፤ ተማሪው የጎደለ ገጽ መኖሩን በምን ያውቃል?

የኮንጎው ጦርነት ደግሞ አላለቀም። በጃንዋሪ 2025 ኤም 23 የተባለው አማጺ ቡድን የምሥራቅ ኮንጎዋን ከተማ ጎማን ያዘ፤ የተመድ ባለሙያዎች ከጀርባው የሩዋንዳ ጦር አለ ይላሉ። በዚያው በምሥራቅ ኮንጎ ቱትሲዎች ዛሬም መጤ ናችሁ፣ ወደ መጣችሁበት ሂዱ ይባላሉ። ይህን የሰማ የኪጋሊ ተማሪ ስለ ኮንጎ ቢጠይቅ፣ መምህሩ ከ2008 ጀምሮ ያለውን የዘር ማጥፋት ርዕዮተ ዓለም ሕግ ያስባል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሕጉ ግልጽነት ይጎድለዋል ብሎ ተችቶታል። መምህሩ ጥያቄውን ቢያልፈው አውግስጢኖስም አይወቅሰውም ይሆናል። ተጠያቂው ሕጉን ያወጣው ነው።