ቅጂው ያው ነው?

ናይሮቢ ያለው ከተቡል ሙዚቃ የተባለ ድርጅት የኬንያን የቆዩ ዘፈኖች እየሰበሰበ ያቆያል። እንዲህ ባለ ክምችት ውስጥ አንድ ቅጂ ከዌቭ ወደ ኤአይኤፍኤፍ የድምፅ ፋይል ቅርጽ ሲለወጥ ዘፈኑ ያው ነው ወይስ ሌላ? እኔ ያው ነው ባይ ነኝ። የሲዲ ቅጂ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ ነው፤ ሁለቱ ቅርጾች በዋናነት የሚለያዩት እያንዳንዱን ቁጥር ከየትኛው ጫፍ ጀምረው እንደሚጽፉት ነው። የናሙናው ፍጥነትና የቢቱ ጥልቀት ካልተነካ፣ ተመልሶ ሲለወጥ አንዲት ቁጥር አትዛነፍም። ዳዊት ሲገለበጥ ብራናው ይለወጣል እንጂ መዝሙሩ አይለወጥም።

«ዋናው እኮ ከዘፋኙ አፍ ጋር ቀርቷል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያ ኪሳራ ግን ማይክሮፎኑ ፊት የደረሰ ነው፣ ለዋጩ አይጠየቅበትም። የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ የዘፋኙ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ከድምፁ ተለይተው በሌላ ክፍል ይጻፋሉ፤ አንዳንድ ፕሮግራምም ሲለውጥ ይጥላቸዋል። ያኔ ድምፁ ሙሉ ነው፣ ባለቤት ግን የለውም። የሙዚቃ አጥኚው ሂው ትሬሲ በ1950 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ የቀዳው «ቼሚሮቻ» የተባለ ዘፈን የኪፕሲጊስ ልጃገረዶች መሆኑን ሩቅ ያለ አድማጭ የሚያውቀው አብሮት በተጻፈው ነው። እንግዲህ የምትለውጡ ሁሉ፣ ስሙ አብሮ መሻገሩን ሳታዩ የፊተኛውን ቅጂ አትሰርዙ።