የተተኪ ሰው ዕዳ

ሰው ሌላው በለቀቀው ወንበር ሲቀመጥ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ፈተና ከፊተኛው ሰው ጋራ መመዛዘን ነው። ቢመስለው «የሰው ጥላ» ይባላል፤ ባይመስለው «ቤቱን አፈረሰው» ይባላል። ታዲያ ተተኪው ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ምንድን ነው? የፊተኛውን መልክ መያዝ ነውን? ወይስ ሌላ ነገር? ይህን ጥያቄ በአንድ የሙዚቃ ጓድ ታሪክ ላይ እንመርምረው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1973 ዓ.ም. ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በስካይ ደሴት፣ ራንሪግ የተባለ የሙዚቃ ጓድ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ሮሪ ማክዶናልድና ካለም ማክዶናልድ የተባሉ ወንድማማቾች፣ ከነርሱም ጋራ ብሌር ዳግላስ ነበሩ። ጓዱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የኬልቲክ ሕዝብ ዜማ ከሮክ ሙዚቃ ጋራ አዋሕዶ ይጫወት ነበር። በ1978 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያው አልበም የተዘፈነው በጌሊክ ቋንቋ ነው። ጌሊክ የደገኛው ስኮትላንዳዊ የአባቶቹ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን በ2022 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፣ ከ5 ሚሊዮን ከሚበልጠው የአገሩ ሕዝብ መካከል ቋንቋውን የሚናገሩት 70 ሺሕ ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቋንቋ የሚዘፍን ሰው የሚያስደስት ብቻ ሳይሆን አደራ የሚጠብቅም ነው።

የዚህ ጓድ ድምፅ ሆኖ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው የስካይ ተወላጁ ዶኒ ማንሮ ነበር። ማንሮ በ1997 ዓ.ም. ወደ ፖለቲካ ሥራ አዘንብሎ፣ በስተርሊንግ ግንብ በተደረገ የስንብት ዝግጅት ጓደኞቹን ተሰናበተ። በምትኩም ከካናዳ፣ ከኬፕ ብሬተን ደሴት፣ ብሩስ ጋትሮ የተባለ ዘፋኝ መጣ። በ1999 ዓ.ም. በዐዲሱ ድምፅ የተዘፈነ «መላእክትን ፍለጋ» የሚል አልበም ወጣ። የዘፈኖቹ ዋና ደራሲዎች ግን እንደ ቀድሞው ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ።

እዚህ ላይ አድማጭ «ይህ ያው ራንሪግ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው የቈየ ነው። አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ሲጠብቁ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በዐዲስ ይተኩ ነበርና፣ «መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ ፈላስፎች እንደ ተከራከሩ ፕሉታርክ ጽፏል። ዳሩ ግን ሳንቃ አፍ የለውም፤ በሄደው ሳንቃም የሚያዝን ሰው የለም። የሰው ድምፅ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው በጕብዝናው ዘመን የሰማው፣ በሠርጉና በኀዘኑ ያጀበው ድምፅ ሲለየው የሚሰማው ጕድለት እውነተኛ ነው። «ሁሉም ያው ነው» ብሎ ማጽናናት ቀላል ይሁን እንጂ እውነት አይደለም።

ይሁን እንጂ ኀዘን ፍርድን እንዳያጣምም መጠንቀቅ ይገባል። አድማጩ «የመጀመሪያው ድምፅ» ብሎ የሚያዝንለት ማንሮ ራሱ ጓዱ በተመሠረተ በዓመቱ የገባ ነው፤ በጊዜው እርሱም እንግዳ ነበር። ጋትሮም ከባዕድ ምድር የመጣ ይምሰል እንጂ፣ የተወለደባት ኬፕ ብሬተን በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ከስኮትላንድ ደጋ የተሰደዱ ብዙ ሰዎች ቋንቋቸውንና ዜማቸውን ይዘው የሰፈሩባት አገር ናት። አስቀድሞም የራሱን ዘፈን ደርሶ በራሱ ድምፅ የሚዘፍን ሰው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ መልሱ ያለው በጓዱ ስም ውስጥ ይመስለኛል። ራንሪግ በጥንታዊት ስኮትላንድ የነበረ የእርሻ ሥርዐት ስም ነው። የመንደሩ መሬት በጠባብ በጠባቡ ይከፈልና፣ ለሙም ጭንጫውም ለሁሉ እንዲዳረስ፣ ድርሻው በየጊዜው ከሰው ወደ ሰው ይዛወር ነበር። ዘንድሮ አንዱ ያረሰውን ከርሞ ሌላው ሊያርሰው ይችላል። የፊተኛው ገበሬ «ላቤ የፈሰሰበት ነው» ብሎ አይከለክልም፤ የኋለኛውም «እርሱ የዘራውን ብቻ እዘራለሁ» ብሎ አይምልም። ሁለቱም የሚታዘዙት ለማሳው ነው።

እንግዲህ የተተኪ ዕዳ ከዚህ ይታወቃል። ዕዳው ለፊተኛው ሰው መልክ ሳይሆን ሁለቱም ላረሱት ማሳ ነው። የቀደመውን ሰው ድምፅ የሚሰርቅ ሰው ታማኝ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የሚያቀርበው የሌለን ሰው ጥላ እንጂ የራሱን ላብ አይደለም። ድንበሩን አፍርሶ እንዳሻው የሚያደርገውም ነጻ ሰው መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ያልተከለውን ነቃይ ነው። ትክክለኛው ተተኪ በራሱ ክንድ ያርሳል፤ ድንበሩን ግን ያከብራል። የሚሄደውም ሰው ዕዳ አለበት፤ ስፍራውን ከለቀቀ ልቡንም አብሮ መልቀቅ ይገባዋል። አድማጩም የዐዲሱን ፍሬ በአሮጌው መስፈሪያ ብቻ እንዳይሰፍር ይጠየቃል።

ጋትሮ ከጓዱ ጋራ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ዘፈነ። በ2018 ዓ.ም. ጓዱ ሥራውን በፈቃዱ ሲፈጽም፣ የመጨረሻው ዝግጅት የተደረገው ማንሮ በተሰናበተባት በዚያችው በስተርሊንግ ከተማ ከግንቡ ሥር ነበር። እንግዳ ተብሎ የገባው ሰው በዚያ ቀን በሩን ከዘጉት ባለቤቶች አንዱ ሆኖ ቆመ። በ2023 ዓ.ም.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ሁላችንም ወይ ከሰው ተቀብለናል፣ ወይ ለሰው እንለቃለን፤ በቤትም ቢሆን፣ በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ነገሩ አንድ ነው። ስለዚህ «እንደ እርሱ ሆንሁን?» ከማለት ይልቅ «ማሳው በእጄ ለምቷልን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይሻላል። ያንጊዜ የሄደው ይከበራል፤ የመጣውም አያፍርም።