ቤት ሲነሳ ማን ይሸከማል?

አርባ ምንጭ ውስጥ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቤት የሚቀይር ሰው መኪና ይከራያል፤ ብርጭቆውን በጋዜጣ ይጠቀልላል። ይህ ተገቢ ነው። ግን ጎረቤቱን ያስታውሳልን?

የኩልፎ ወንዝ ከሚነሳበት የጋሞ ደጋ፣ የዶርዜ ሰው ከቀርከሃ የሚሠራው ቤት እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፎ የኖረ ሰው ያን ቀን ማንን ይጠራል?

ውድ አንባቢ! እኛ ለጫኝና አውራጅ ከፍለን እንገላገላለን። የጎረቤት ሐቅ ግን በገንዘብ አይጫንም። የተዋስነውን ድስት ሳንመልስ፣ ያስቀየምነውን ይቅርታ ሳንጠይቅ ከሄድን ቤቱን ለቀቅን እንጂ ዕዳውን አልለቀቅንም። እንግዲያውስ ዝግጅታችን ካርቶን ከመሰብሰብ ሳይሆን የጎረቤትን በር ከማንኳኳት ይጀምር።