የውሾች ውድድር የሚጠቅመው ማንን ነው?

በአገራችን ውሻ ደጅ ጠባቂና የእረኛ ባልንጀራ ነው። በሌላው ዓለም ግን ውሾች ታጥበውና ተበጥረው በዳኞች ፊት የሚቆሙበት፥ መሰናክልም እየዘለሉ የሚወዳደሩበት አደባባይ አለ። ልማዱ ለብዙዎቻችን እንግዳ ቢሆንም ጥያቄው እንግዳ አይደለም፤ በእጃችን ያለ፥ አፍ አውጥቶ መናገር የማይችል ፍጥረት ስለ እኛ ክብር ሲደክም ጥቅሙ የማን ነው?

ከእነዚህ ትርኢቶች ስመ ጥር የሆነው ቻርልስ ክራፍት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1891 በለንደን የጀመረው፥ ዛሬ በበርሚንግሃም የሚካሄደው «ክራፍትስ» ነው። (ሰውየው በውሻ ብስኩት ንግድ የተሰማራ ነበር፤ የገበያ ነገር ከመነሻው አልጠፋበትም።) በዚያ ዳኛው የሚመረምረው ውሻው ለዝርያው በጽሑፍ የተወሰነውን መልክ ምን ያህል እንደሚያሟላ ነው። ዳኛው አጭር አፍንጫን ሲሸልም አርቢው ይበልጥ አጭር አፍንጫ ያላቸውን መርጦ ያራባል። ቡልዶግ የተባለው ዝርያ ፊቱ ተጨፍልቆ፥ የአየር መተላለፊያው ጠብቦ፥ በሙቀት ጊዜ እስትንፋስ የሚያጥረው እንስሳ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። የቡችሎቹም ራስ ትልቅ በመሆኑ እናቲቱ ብዙ ጊዜ የምትገላገለው በቀዶ ሕክምና ነው። ይህ ሁሉ የተፈጸመው ዝርያውን እጅግ በሚወዱ ሰዎች እጅ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ጨካኙን ሁሉም ይገሥጸዋል፤ አድናቂውን ግን ማን ይገሥጸዋል?

እ.ኤ.አ. በ2008 ቢቢሲ ይህን ጉዳት በዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ትርኢቱን ማስተላለፍ አቆመ። በ2012 ደግሞ የ15 ዝርያዎች አሸናፊዎች በእንስሳት ሐኪም እንዲመረመሩ ታዘዘ፤ ቡልዶግን ጨምሮ ስድስቱ ምርመራውን ስላላለፉ ከቀጣዩ ዙር ቀሩ። ብዙ አርቢዎች ተቆጡ። ዳኛው ከዝርያው ሁሉ የላቀ ነው ያለውን ሐኪሙ ጤና ይጎድለዋል ማለቱ ግን ከቁጣ ይልቅ ማሰብን ይጠይቅ ነበር።

የመሰናክል ውድድር ከዚህ ይለያል። የፈረስ ዝላይን አስመስሎ እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያው በክራፍትስ ለሕዝብ የታየ ሲሆን፥ የሚመዘነው የውሻው መልክ ሳይሆን ሥራው ነው። ቀኑን ሙሉ በአፓርታማ ተዘግቶ ለሚውል ውሻ መሮጥ፥ መዝለልና የጌታውን ድምፅ መከተል እውነተኛ ደስታ ነው። ባለቤቱም ትዕግሥትን ይማራል፤ ያልጸናውን አጥንት ያለ ጊዜው ካላስዘለለ፥ የታመመውንም እግር ካላስገደደ።

ለተራበ ሰው ማሰብ ሲገባን ስለ ውሻ ምን አስጨነቀን የሚል የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ሁለቱንም አስቦአል፤ እንስሳትን በከንቱ ማሠቃየት ከሰው ክብር ጋር እንደማይስማማ፥ አስቀድሞ ለችግረኞች ሊውል የሚገባውንም ገንዘብ ለእነርሱ ማፍሰስ እንደማይገባ ያስተምራል። በትርኢቱ አዳራሽ ሁለቱም ስሕተቶች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ።

ውሻው ሜዳልያ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ቁራሽ ሥጋውን፥ መጫወቻውንና የሚያመሰግነውን ድምፅ ነው፤ እነዚህንም ያለ ውድድር ሊያገኛቸው ይችላል። ስለዚህ የባለቤቱን ልብ የምናውቀው ባሸነፈበት ቀን አይደለም። የመመዝገቢያውን ከፍሎ፥ ረጅም መንገድ ነድቶ፥ ተራው ሊደርስ ሲል የውሻው እርምጃ ጥቂት ሲያነክስ ያየ ሰው አለ እንበል። ስሙን ከመዝገቡ ያሰርዛል፤ ማንም አያጨበጭብለትም፤ ውሻውም በመኪናው የኋላ ወንበር ተኝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።