በሜትር ተኩል ርቀት

የመንገድ ላይ ፎቶግራፍ ለመማር ቶኪዮ ድረስ የሚሄድ ሰው ኪሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሪኮ ጂአር ካሜራ ነው። ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ዳይዶ ሞሪያማ በከተማዋ የሺንጁኩ ሰፈር ጎዳናዎችን ለዓመታት የዞረው የዚህችን ዓይነት ካሜራ ይዞ ነውና የፎቶ ተማሪዎች እንደ ታቦት ያዩአታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣችው ጂአር 3 ከነባትሪዋ 257 ግራም ብቻ ትመዝናለች። ትልቅ ካሜራ ሰው ያስደነግጣል፣ ይህቺ ግን ማንንም አትረብሽም ይላሉ። እኔ እጠራጠራለሁ። ሰውየው ያልተረበሸው ስላላወቀ ነው፤ ኪስ አውላቂም እኮ ማንንም አይረብሽም።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዎከር ኤቫንስ ነገሩን እስከ ጥግ ገፍቶታል። ከ1938 እስከ 1941 በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ካሜራውን ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ተሳፋሪዎች ሳያውቁ አነሳቸው። የደከሙ፣ ለማንም ያልተዘጋጁ ፊቶች ናቸው። ፎቶዎቹ በመጽሐፍ የወጡት በ1966 ነው። ያ ሁሉ ዓመት ሰዎቹን ከመታወቅ ጠብቋቸው ይሆናል፤ ፈቃዳቸውን ግን አይተካም።

ከሕግም አንድ መልስ አይገኝም። ፎቶ አንሺው ፊሊፕ-ሎርካ ዲኮርሲያ ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ መብራት ተክሎ፣ በረጅም ሌንስ ከሩቅ ያነሳቸው አንድ አዛውንት ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብለው ቢከሱት፣ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በ2006 ሥራው ጥበብ ነው ብሎ ክሱን ጣለው። ሞንትሪያል ውስጥ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሳለ ፎቶዋ ተነስቶ መጽሔት ላይ ለወጣባት የ17 ዓመት ልጅ ግን የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 የ2,000 ዶላር ካሳዋን አጸናላት።

ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ጂአር 3 ዙም የላትም፤ እይታዋ የ28 ሚሊሜትር ነው። ካሜራዋን አቁሞ የአንድን ሰው ሙሉ ቁመት ፎቶው ውስጥ ሞልቶ ለማስገባት ሜትር ተኩል ያህል መቅረብ ግድ ይላል። እዚያ ርቀት ላይ የሰውየው የሽቶ ጠረን ይደርሳል፣ ዓይን ለዓይን መጋጨት አይቀርም፣ «ምን አደረግሁህ?» ብሎ እጅ መያዝም ይቻላል። ከሩቅ የሚያነሳ ሰው ወስዶ ይሰወራል፤ የቀረበ ግን ራሱም ታይቷል፣ ሊጠየቅም ይችላል። ሳይታዩ ማየት ከመሰለል ብዙ አይርቅም።

ይህ ተጠያቂነት ግን ሰው አገር ሲደረስ ይላላል። ተማሪው ኮርሱ ሲያልቅ አውሮፕላን ላይ ይወጣል፤ ያስቀየመውን ሰው ዳግም አያገኘውም፣ ቋንቋውን ስለማያውቅም ስድቡ እንኳ አይገባውም። እኛ ይህን ከሌንሱ ማዶ ሆነን እናውቀዋለን። ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ሰዎች በፎቶ ልክ ሂሳብ ሲጠይቁ ስግብግብነት ነው የሚል ጎብኚ አለ። ለእኔ ወስዶ ለሚሄድ እንግዳ የቀረበ ፍትሐዊ ዋጋ ነው።

ውጭ አገር ለሚሰጥ የመንገድ ላይ ፎቶግራፍ ወርክሾፕ ልትመዘገቡ ካሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት አሰልጣኙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ሰው «አጥፋው» ሲለን ምን እናደርጋለን? መልስ ከሌለውና የሚያስተምረው የፍጥነትና የፎከስ ማስተካከያ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ካሜራዋ መመሪያ ላይ አለ፤ ትኬት አያስቆርጥም።